ላይኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡት ከየት ይመጣሉ?

ጥያቄውን የላከችው አንዲት የቡድን መሪ ናት። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «በአዲስ አበባ በአንድ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች በሚስተናገዱበት ጽሕፈት ቤት 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ካለፉት 4 ዓመታት ወዲህ የቡድን መሪ ነኝ። በዚህ ጊዜ ውስጥ 5 ኃላፊዎች ተቀያይረውብናል። አንዱ መምህር ነበሩ፣ አንዷ ከባንክ የመጡ፣ የቀሩት ከሌላ ቦታ በሹመት የተዛወሩ። በሌላው ዓለም የመንግሥት አገልግሎትን የሚመሩ ትልልቅ ሰዎች የሥራ ታሪካቸው ምን ይመስላል? ከታች ተነሥቶ እዚያ መድረስ ይቻላል ወይ? ሁለተኛ ዲግሪ ልማር፣ ወደ ግል ድርጅት ልውጣ፣ ወይስ እዚሁ ልቆይ?»

እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ከ20 ዓመት በላይ በሰው ኃይል አስተዳደር ስሠራ የባለሙያውንም የተሿሚውንም የግል ማኅደር ሳገላብጥ ኖሬአለሁ፤ ይህ ጥያቄ ሲያብሰለስለኝ የቆየ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ማስረጃው ልግባ። የመንግሥት አገልግሎትን በደንብ የመሩ ሰዎች ከአንድ ዓይነት ትምህርት ወይም ከአንድ ዓይነት ሙያ አልመጡም። ፋርማሲስት አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ ከጋዜጣ ቤት የመጣ አለ፣ በአየር መንገድ የመጨረሻው እርከን ላይ የጀመረ አለ። በእኔ እምነት የሚያመሳስላቸው ነገር ይህ ነው፦ ወይ ራሳቸው በሆነ ዘመን ለባለጉዳይ ወረፋ ተጠያቂ ሆነው ያውቃሉ፣ ወይም ያንን የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው አስቀምጠው ይሰሙታል። ከሁለቱ አንዱም የሌለው ኃላፊ የቱንም ያህል ቢማር መሥሪያ ቤቱን ሲያደራጅና መልሶ ሲያደራጅ ጊዜው ያልቃል።

በመጀመሪያ መሰላሉ የት ላይ እንደሚያልቅ እንነጋገር፤ ብዙ ሠራተኛ ይህን ሳያጣራ ዕድሜውን ይገፋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515ም፣ በ2010 የተተካበት አዋጅ ቁጥር 1064ም «የመንግሥት ሠራተኛ» ለሚለው ቃል ትርጉም ሲሰጡ፣ ሚኒስትር ዴኤታን፣ ምክትል ዋና ዳይሬክተርን፣ የእነርሱን አቻና ከዚያ በላይ ያሉትን ከትርጉሙ ውጭ አድርገዋል። በሕጉ አሳብ ከዚያ በታች ያለው ቦታ በማስታወቂያና በውድድር የሚያዝ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን የሹመት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሚኒስትርነት የሚያጫቸውን ሰዎች ከሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት መካከል፣ ወይም ለሥራው ብቃት ካላቸው ሌሎች ሰዎች መርጦ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። አዲስ አበባ የራሷ ሕግ ቢኖራትም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ «ከታች ተነሥቶ መድረስ ይቻላል ወይ» ላሉት መልሴ፣ መሰላሉ እስከ አንድ ከፍታ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው አይቶ ሊያነሣዎት ይገባል የሚል ነው። ይህ ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ ግን እያወቁ መውጣት ሳያውቁ ከመውጣት ይሻላል።

የሹመቱ መንገድም ቢሆን ሁልጊዜ ከቤቱ ውጭ ለሚመጣ ሰው ብቻ የተከፈተ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ያደረጓቸው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በወጣትነታቸው በጦርነት ተማርከው የመጡ ነበሩ። ከምርኮኛነት ተነሥተው፣ በቤተ መንግሥቱ ሥራ እያንዳንዱን ደረጃ ረግጠው አደጉና እስኪሞቱ ድረስ፣ እስከ 1919 ዓ.ም. በዚያ ኃላፊነት ቆዩ። ከጠላት ወረራ በኋላ ደግሞ ወንበሩ በውጭ አገር ለተማረው ትውልድ ተላለፈ፤ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሕግን በፈረንሳይ፣ ይልማ ደሬሳ ኢኮኖሚክስን በሎንዶን ተምረው የመጡ ናቸው። በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛን ቅጥርና ዕድገት በማዕከል የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ሲቋቋም ችሎታ በውድድር የሚለካበት ሥርዓት ተጀመረ፤ ደርግ ሲመጣ ካድሬው በላዩ ተደረበበት። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ የክልል ሠራተኞችንና ኃላፊዎችን ማስተማር ጀመረ። ከዚያ የመጡትን ቢፒአርና ቢኤስሲ የተባሉትን የአሠራር ማሻሻያዎች እርስዎም በአካል አይተዋቸዋል፤ አላደክምዎትም።

ወደ ሌላው ዓለም ስንሻገር ብዙ ጊዜ የማነሣው የደቡብ አፍሪካን የገቢዎች አገልግሎት፣ በአጭሩ ሳርስ የሚባለውን ነው። ምክንያቱም በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በ20 ዓመት ውስጥ፣ ሦስት የተለያየ የሥራ ታሪክ ያላቸው መሪዎች ምን እንዳደረጉ በግልጽ ይታያል። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 የአገር ውስጥ ገቢና የጉምሩክ መሥሪያ ቤቶች ተዋህደው የተመሠረተ ነው። ከ1999 እስከ 2009 በዋና ኮሚሽነርነት የመሩት ፕራቪን ጎርደን በትምህርታቸው ፋርማሲስት ናቸው፤ በወጣትነታቸው በደርባን ሆስፒታል ውስጥ በዚሁ ሙያ ሠርተዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪካቸው የፀረ አፓርታይድ ትግል፣ እስርና ከ1994 ወዲህ የፓርላማ አባልነት ነው። ማኅደራቸውን እኔ ለቦታው ብመዝነው ኖሮ «ከሥራው ጋር አግባብነት ያለው ልምድ» በሚለው ሣጥን ውስጥ የማስቀምጠው ነገር አላገኝም ነበር። ነገር ግን ዋናውን ወንበር ከመያዛቸው በፊት በ1998 ምክትል ኮሚሽነር ሆነው ገቡ። በዚያ ጊዜ ቤቱን አወቁት፤ ቤቱም አወቃቸው። በእርሳቸው ዘመን ሳርስ በአፍሪካ በአሠራሩ ከሚጠቀሱ የግብር መሥሪያ ቤቶች አንዱ ሆነ፤ ግብር ከፋዩም በኢንተርኔት ማሳወቅ ለመደ።

በ2014 የተሾሙት ቶም ሞያኔም የትግል ታሪክ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ከዚያ በፊት የማረሚያ ቤቶች ኮሚሽነር ሆነው አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት መርተዋል። በወረቀት ሲታይ ከጎርደን የተሻለ የአስተዳደር ልምድ ነበራቸው ማለት ይቻላል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከአንድ የውጭ አማካሪ ድርጅት ጋር ሆነው መሥሪያ ቤቱን እንደ አዲስ አደራጁት፤ ትልልቅ ግብር ከፋዮችን የሚያስተናግደው ማዕከል ፈረሰ፤ ለዓመታት ሥራውን የተሸከሙ የሥራ መሪዎች ሥራ ወደሌለበት የሥራ መደብ ተገፉ። በ2018 በዳኛ ሮበርት ኑጀንት የተመራው አጣሪ ኮሚሽን መሥሪያ ቤቱ በታማኝነትም በአስተዳደርም ክፉኛ እንደወደቀ ገለጸ፤ ሞያኔም በዚያው ዓመት ከኃላፊነት ተነሡ። በ2019 በቦታቸው የተተኩት ኤድዋርድ ኪስቬተር የመጡት ከግል ዘርፍ ነው፤ የአንድ ትልቅ የፋይናንስ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነበሩ። ነገር ግን በማኅደራቸው ውስጥ አንድ ወሳኝ መስመር አለ፦ ከ2004 እስከ 2009 በዚያው በሳርስ ምክትል ኮሚሽነር ነበሩ። ከውጭ የመጡ ይምሰሉ እንጂ የቤቱን ጓዳ ያውቁታል።

ከዚህ ታሪክ እኔ የምወስደው ፖለቲከኛ ይጥፋ ወይም የግል ዘርፍ ሰው ይምጣ የሚል አይደለም። ሁለቱ ሰዎች ከትግል መጥተዋል፤ አንዱ ቤት ሠራ፣ በሌላው ዘመን ቤቱ ፈረሰ። ልዩነቱ አዲሱ ኃላፊ በገባ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነባሩን ባለሙያ ምን አደረገው በሚለው ላይ ነው። እርስዎ 5 ኃላፊዎች አይተዋል፤ እስቲ ያስታውሱ። የተሻሉት የትኞቹ ነበሩ? በመጡ በሳምንታቸው መዋቅር የቀየሩት ናቸው ወይስ በመጡ በሳምንታቸው «ይህ ፎርም ለምን ሦስት ኮፒ ይፈልጋል?» ብለው የጠየቁት?

ሁለተኛው ታሪክ የሕንድ ነው። ለእኛም ቅርብ ነው፤ ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያችን የሚሠራበት ሞሲፕ የተባለው ሥርዓት የተሠራው በባንጋሎር ነውና። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2009 አድሃር የተባለውን ብሔራዊ መለያ ቁጥር የሚሰጥ ባለሥልጣን ስታቋቁም ሊቀመንበር ያደረገችው ናንዳን ኒሌካኒን ነው፤ ኢንፎሲስ የተባለውን ታላቅ የሶፍትዌር ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ነው። ዓለም የሚያወራው ስለ እርሱ ነው። ብዙ ሰው የማያነሣው ግን አጠገቡ የተቀመጠውን የመጀመሪያውን ዋና ዳይሬክተር ራም ሴዋክ ሻርማን ነው። ሻርማ በ1978 ወደ ሕንድ አስተዳደር አገልግሎት የገባ ሰው ነው። በዚያ አገልግሎት አንድ ወጣት መኮንን ሥራ የሚጀምረው ከዋና ከተማው ርቆ በወረዳና በአውራጃ ነው፤ የመሬት ክርክር፣ የራሽን ካርድ፣ የጎርፍ እርዳታ፣ የምርጫ ሣጥን ሁሉ በእጁ ያልፋል። ሻርማም በቢሃር ክልል አስተዳዳሪ ሆኖ የሠራ ነው፤ ሂሳብ ተምሮ የመጣ ስለሆነ ኮምፒውተር ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ራሱ ፕሮግራም ይጽፍ ነበር።

ሁለቱን አንድ ላይ ያዩዋቸው። አንዱ «ይህ ነገር ለምን በዚህ መንገድ ብቻ ይሠራል?» ብሎ ለመጠየቅ ነጻ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ ልማድ አልታሰረም፤ ዕድገት አይጠብቅም፤ የሚፈራው አለቃ የለም። ሌላው የክልል መንግሥት ደብዳቤ ለምን እንደሚዘገይ፣ የበጀት ርእስ እንዴት እንደሚከፈት፣ የወረዳ ጸሐፊ ምን ሲባል እንደሚተባበር ያውቃል። አንዳቸው ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሕዝብ መመዝገብ ይቻል ነበር ብዬ አላምንም። እኛ አገር ይህን ጥምረት ብዙ ጊዜ አናደርገውም። ከውጭ ያመጣነውን ሰው ከውጭ በመጡ አማካሪዎች እንከበዋለን፤ ከውስጥ ያደገውን ደግሞ አብረውት ባደጉ ጓደኞቹ።

እንግሊዞችም ተመሳሳይ ነገር ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የመንግሥትን የዲጂታል አገልግሎት የሚመራ አዲስ ክፍል ሲያቋቁሙ ማይክ ብራክንን ያመጡት ከዘ ጋርዲያን ጋዜጣ ነው፤ እዚያ የዲጂታል ልማት ዳይሬክተር ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ የተበታተኑትን ድረ ገጾች አንድ ላይ የሚያመጣው ገጽ በጥቅምት 2012 ተከፈተ። ሰውየው ያን ሁሉ መሥሪያ ቤት ገፍቶ መሄድ የቻለው ፍራንሲስ ሞድ የተባሉ ሚኒስትር ከኋላው ስለቆሙ ነው። ሞድ ቦታውን በለቀቁበት በ2015 ብራክንም ወጣ። ከውጭ የሚመጣ ሰው ጥላ ያስፈልገዋል፤ ጥላው ሲታጠፍ ፀሐይ ላይ ይቀራል።

ሲንጋፖርን ሳላነሣ ባልፍ ይወቅሱኛል፤ ስለ እርስዋ ብዙ ስለተባለ ግን አሳጥራለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 የሲቪል ሰርቪሱ የበላይ የነበሩት ሊም ሲዮንግ ጓን ሜካኒካል መሐንዲስ ናቸው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሊ ኳን ዩ የግል ጸሐፊ ነበሩ፤ በመከላከያ፣ በጠቅላይ ሚኒስትር ቢሮ፣ በትምህርትና በገንዘብ ሚኒስቴሮች ቋሚ ጸሐፊ (የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች የበላይ) ሆነው ተዘዋውረዋል። እዚያ አገር ተስፋ የተጣለበት ሠራተኛ ሆን ተብሎ ይዘዋወራል። እኛም እናዛውራለን፤ የእኛ ዝውውር ግን ብዙ ጊዜ ኃላፊው ሥራውን በለመደ ማግሥት የሚመጣ ነው። ሊም በመከላከያ ብቻ ከ10 ዓመት በላይ ቆይተዋል። ያንን የምናስታውሰው ጥቂቶች ነን።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ፤ ጥያቄዎ ውስጥ ያልተናገሩት ተስፋ መቁረጥ ስላለ። ከታች ተነሥቶ እስከ ላይ መውጣት በኢትዮጵያ የሚታይባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ከ2011 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. የመሩት ተወልደ ገብረማርያም በ1984 በትራንስፖርት ኤጀንትነት የተቀጠሩ ናቸው። በቦታቸው የተተኩት መስፍን ጣሰውም በዚያው ዓመት በመሐንዲስነት ገብተው በጥገናና በኦፕሬሽን ያደጉ ናቸው። ከሁለቱ በፊት የነበሩት ግርማ ዋቄ ደግሞ በአየር መንገዱ ረጅም ዘመን ሠርተው፣ ወደ ገልፍ ኤር ሄደው፣ በ2004 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው ተመለሱ። ውጭ ያለውን አሠራር አይቶ የተመለሰ የቤት ልጅ ማለት ይህ ነው። አየር መንገድ ትርፍ የሚቆጥር ድርጅት ነውና ከክፍለ ከተማ ጋር አይነጻጸርም ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ባለጉዳዩ ካልተደሰተ ሌላ አውሮፕላን ይሳፈራል፤ የእርስዎ ባለጉዳይ ግን የልደት ምስክር ወረቀቱን ሌላ ቦታ ሄዶ ማውጣት አይችልም። ለእኔ ይህ ልዩነት ክፍለ ከተማው የበለጠ ጥንቃቄ የተሞላበት አመራረጥ እንደሚያስፈልገው የሚያሳይ ነው።

ሁለተኛው ጤና ጥበቃ ነው። ባለፉት ዓመታት ወደ ሚኒስትርነት የመጡትን ይመልከቱ። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ሥራ የጀመሩት በወባ ባለሙያነት ነው፤ የክልል ጤና ቢሮ ኃላፊ፣ ሚኒስትር ዴኤታ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሚኒስትር። ዶክተር ከሰተብርሃን አድማሱ ሐኪም ናቸው፤ በሚኒስቴሩ ውስጥ አድገው ሚኒስትር ዴኤታ ሆኑ፣ በ2012 ሚኒስትር። ዶክተር ሊያ ታደሰ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ናቸው፤ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ አመራር ውስጥ ሠርተው ነው ወደ ሚኒስቴሩ የመጡት። ሁሉም ዋናውን ወንበር ከመያዛቸው በፊት አንድ ተቋም ወይም አንድ ቢሮ በእጃቸው አልፏል፤ ሁሉም ምክትል ሆነው ያውቃሉ። በፖለቲካቸው ላይ እርስዎም እኔም የየራሳችን አስተያየት ይኖረናል፤ እዚህ የማየው የሥራ ታሪካቸውን ብቻ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶች አሠልጥኖ ያስቀመጠው፣ ሐኪም ከከተማ ርቆ እንደማይሄድ፣ ከዚያው የተገኘች ልጅ ግን ቤት ለቤት እንደምትደርስ በመረዳት ነው። ይህን ለመረዳት ጤና ጣቢያ ውስጥ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ያየሁትን ልንገርዎት፤ መሥሪያ ቤቱንም ሰዎቹንም አልጠቅስም። በአንድ ወቅት ለአንድ አገልግሎት ሰጪ መሥሪያ ቤት የሥራ ምዘና እንድሠራ ተጠርቼ ነበር። ቀድሞ የነበሩት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በሕዝብ አስተዳደር ሦስተኛ ዲግሪ የነበራቸው፣ አንባቢና ቅን ሰው ናቸው። ወረፋ የሚጠራ ማሽን አስገዝተዋል፤ የዜጎች ቻርተሩን በትልቅ ሰሌዳ በር ላይ አሰቅለዋል፤ «አገልግሎቱ በ1 ቀን ይሰጣል» ይላል። ባለጉዳዩ ግን በአራተኛው ቀንም ተመላልሶ ይመጣል። አዲሷ ኃላፊ ከባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት የመጡ ናቸው። የመጡ ዕለት ቢሯቸው ሲጠረግላቸው «ለጊዜው ይቆየኝ» ብለው መስኮት 4 ላይ፣ ከአስተናጋጇ ጎን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሁለት ሳምንት እዚያው።

በሦስተኛው ቀን የአንዲት እናትን ፋይል በእግራቸው ተከተሉት። ማመልከቻው ጠዋት ገባ። መዝገብ ቤት ገቢ ወረቀት የሚመራው በቀን ሁለት ጊዜ፣ 4 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ ብቻ ስለሆነ እስከ 9 ሰዓት ተኛ። ባለሙያው በማግሥቱ አየው፤ ሥራው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ ፊርማና ቲተር፣ ማለትም የፈራሚው የስም ማኅተም። ቲተሩ የሚቀመጠው በጸሐፊዋ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ፈራሚው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ስብሰባ ላይ ነው። ማኅተሙ መሳቢያው ውስጥ ነበር፤ ፋይሉም ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሁለቱ ሳይገናኙ ሁለት ቀን አለፈ። ኃላፊዋ ያደረጉት አንድ ደብዳቤ መጻፍ ነው፦ ለሁለት ባለሙያዎች የፊርማ ውክልና ሰጡ፣ ሁለተኛ ቲተር አስቀረጹ፣ መዝገብ ቤቱም ወረቀት እንደገባ እንዲመራ አዘዙ። በወሩ መጨረሻ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው እውነት ሆነ። ሴትየዋ ስለ መታወቂያና ስለ ምዝገባ ሕግ ያን ጊዜ ገና እየተማሩ ነበር። ስለ ወረፋ ግን ከባንክ መስኮት ያመጡት ዕውቀት ነበራቸው፤ ገንዘብ ቆጣሪ ሆነው የጀመሩ ናቸው።

ሌላውንም ገጽ ልደብቅ አልፈልግም። ከታች አድገው ኃላፊ የሆኑ ሰውም አውቃለሁ፤ የቤቱን ቀዳዳ ሁሉ አንድ በአንድ የሚያውቁ። ቀዳዳውን ግን አልደፈኑትም። የትኛው ጉዳይ ገዳይ ከየትኛው ባለሙያ ጋር እንደሚሠራ፣ «ሲስተም የለም» የሚባለው ሲስተሙ በርግጥ ሲጠፋና ሳይጠፋ መቼ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ከ20 ዓመት ባልደረቦቻቸው ጋር መጣላት ግን አልሆነላቸውም። ከታች ማደግ ብቻውን ብቃት አይሆንም። እርስዎም ይህን ፈተና ከአሁኑ ይመርምሩት፤ ዛሬ አብራችሁ ቡና የምትጠጡት ልጅ ነገ ባለጉዳይ ሲያጉላላ «ተው» ማለት ይችላሉ?

አሁን ወደ ሦስቱ ምርጫዎችዎ። ሁለተኛ ዲግሪውን ይማሩ፤ ለደረጃ ዕድገት ነጥብ አለው፤ ከአንድ ከፍታ በላይ ደግሞ ያለ እርሱ ማመልከቻዎ አይነበብም። ነገር ግን የመመረቂያ ጽሑፍዎን የራስዎ መሥሪያ ቤት ወረፋ ላይ ይሥሩት። አንድ ባለጉዳይ ከገባበት እስከ ወጣበት ስንት እጅ እንደሚያልፍ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ ስንት ጊዜ «ነገ ተመለሽ» እንደሚባል ቆጥረው የጻፉት 60 ገጽ ለፈተና ሰጪው ኮሚቴም ለሚሾምዎት ሰውም ከማንኛውም የምስክር ወረቀት በላይ ይናገራል። በብዛት የማየው «የአመራር ዘይቤ በሠራተኞች እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል መጠይቅ የተበተነበት ጽሑፍ ነው፤ መደርደሪያ ላይ ይተኛል።

ወደ ግል ድርጅት መውጣት ከፈለጉ አልከለክልዎትም፤ ባንክ ወይም ቴሌኮም፣ ብዙ ሰው የሚስተናገድበት ቦታ ይሁን። ሁለት ሦስት ዓመት በቂ ነው። መመለሻው ግን ጠባብ መሆኑን አይርሱ፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ከወጡ በኋላ ለመግባት እንደገና በማስታወቂያ መወዳደር ነው፤ 11 ዓመት የገነቡት ትውውቅም ይበርዳል።

እኔ እርስዎን ብሆን እዚሁ እቆያለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን አልቆይም። የቡድን መሪነትን ያውቁታል፤ አሁን የጎደለዎት ጎንዮሽ ያለው ሥራ ነው። አንድ ዓመት በግዥና ፋይናንስ በኩል፣ ቢያንስ በበጀት ዝግጅት ኮሚቴ ውስጥ ይግቡ፤ የበጀት ርእስ የማያውቅ ኃላፊ የሚመራው የፋይናንስ ክፍሉ እንደሚፈቅደው ነው። ሰው የማይመኘውን መዝገብ ቤትን ወይም የቅሬታ ማስተናገጃውን ይጠይቁ፤ ቅሬታ ሰሚው የመሥሪያ ቤቱን በሽታ ከኃላፊው ቀድሞ ያውቃል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የተጀመረው የመሶብ አንድ ማዕከል አገልግሎት ከልዩ ልዩ ተቋማት የመጡ ሠራተኞችን በአንድ አዳራሽ የሚያሠራ ነው፤ ወደዚያ የሚመደብ ሰው ሲፈለግ እጅዎን ያንሡ። በአንድ አዳራሽ ውስጥ የሌሎችን መሥሪያ ቤቶች አሠራር ማየት ለመሪነት ከሚያበቁ ልምዶች ሁሉ የቀረበው ነው፤ አዘርባጃን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳን የተባለውን ተመሳሳይ አገልግሎት ስትጀምር የመጀመሪያው ኃላፊዋ የነበረው ኢናም ከሪሞቭ የሕግ ሰው ሲሆን፣ ከዚያ ተነሥቶ የግብርና ሚኒስትር፣ ቀጥሎም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኗል።

የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ በእኔ ሥራ ግን ብዙ ሰው የወደቀበት ነው። ኃላፊው ለስልጠና ወይም ለስብሰባ ሲሄዱ «አንቺ ያዥልኝ» የሚሉዎት እርስዎን እንደሆነ እገምታለሁ። ከእንግዲህ በቃል አይቀበሉ። ውክልናው በደብዳቤ ይሁን፤ ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን እንደሆነ፣ ምን የመፈረም ሥልጣን እንደተሰጠዎ ይጻፍበት፤ አንዱ ቅጂ በግል ማኅደርዎ ውስጥ መግባቱን ራስዎ ሄደው ያረጋግጡ። የሥራ ልምድ ሲያጽፉም «ቡድን መሪ» የሚለው የሥራ መደብ ብቻ አይብቃዎት፤ ስንት ሠራተኛ እንደመሩ፣ በቀን ስንት ባለጉዳይ እንደሚስተናገድ፣ ለስንት ወር ተጠባባቂ ሆነው እንደሠሩ ይግባበት። ሹመት የሚያጣራ ኮሚቴ ፊት ማኅደርዎ ሲቀርብ እርስዎ እዚያ አይኖሩም፤ የሚናገርልዎት ያ ወረቀት ነው። ነገ ጠዋት ሰው ሀብት ክፍል ሄደው ማኅደርዎን ያስወጡና ያለፉት 4 ዓመታት ውክልናዎች ስንቱ እንደተመዘገበ ይቁጠሩ።